ባሌ ከግድግዳው ጋር ሲስቅ

ባሌ ሳቀ። ከኔ ጋር ቢሆንማ ማን በጠላ! ከግድግዳው ጋር ነው የሳቀው። ገና ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ነው፤ የእንጅባራ ብርድ በበሩ ሥር ገብቶ እግር ይቆረጥማል፣ እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ድንች እልጣለሁ፣ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ሆኖ ሻይ በዳቦ ይበላል። በሩ ሲከፈትም ሲዘጋም እንደሚያቃስት፣ ጣራው በቀደም ዕለት ትራሳችን ላይ እንዳፈሰሰ፣ አናጢ የሚያድርበት ቤት እንዲህ ሆኖ ሰው ቢያይ ምን እንደሚል እየነገርኩት ነበር። መልስ አልጠበቅኩም፤ ለምጄዋለሁ። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤታችን የሽቱ እናት፣ ያቺ ዓይኗ የማያይ አሮጊት፣ በአዊኛ አንዲት አጭር ነገር ተናገረች። ሽቱ ከት ብላ ሳቀች። ይኼኔ የባሌ የምንይችል ትከሻ ተንቀጠቀጠ፣ ሻዩ ትን አለው፣ በእጁ ጀርባ አፉን ጠራርጎ ምንም እንዳልተፈጠረ ዳቦውን ቆረሰ።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ማን?»

«ማን ትለኛለህ እንዴ! ያሳቀችህ ናታ።»

«ምንም አላለች» አለና ተነሳ። ጃኬቱን ለበሰ፣ ሜትሩን ኪሱ ከተተ፣ የሚያቃስተውን በር ዘግቶብኝ ሄደ። እኔ ቢላዋዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስኖር ምንይችልን ሻይ ትን እስኪለው ያሳቅኩበትን አንድ ቀን ባስብ ባስብ አጣሁት። አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ግን ሳታየው፣ ሳትነካው፣ አንድ ስኒ እንኳ ሳትቀዳለት አሳቀችው።

ቤቱን ላላየ ሰው ልንገር። የእትዬ ውቢት ቤት ዱሮ አንድ ሰፊ ሳሎን ነበር። ዩኒቨርሲቲው መጥቶ ኪራይ ሲወደድ እትዬ ውቢት ሳሎኑን ለሁለት ከፈሉት፤ እስከ ትከሻ ጭቃ፣ ከትከሻ በላይ ጣውላ፣ ጣውላው ኮርኒሱ ጋ ሳይደርስ ደግሞ የያዙት ገንዘብ አለቀ። ስለዚህ በግድግዳው ጫፍና በማዳበሪያው ኮርኒስ መሀል አንድ ክንድ የሚሆን ክፍት ቦታ አለ። በዚያ በኩል የማይገባ ነገር የለም። ሽንኩርት ሲያቁላሉ እኛ እናነባለን፣ አምፖላቸውን ሲያበሩ የኛ ኮርኒስ ይበራል፣ ስልካቸው ሲጠራ እኔ ኪሴን እዳብሳለሁ። ለአንዱ ሁለት ሺህ አምስት መቶ፣ ለአንዱ ሁለት ሺህ አምስት መቶ፤ ለጆሮ ግን አንድ ቤት ነው። እነ ሽቱ ከመምጣታቸው በፊት ሀብቱ የሚባል ሹፌር ነበር፤ ሲያንኮራፋ ብርጭቆዬ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን አላማረርኩም። የሰው ድምፅ ሰው አይገድልም፣ ምን እንደሚል እስካወቅክ ድረስ።

እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፤ ካማርኛ ሌላ አላውቅም። ምንይችል ግን የባንጃ ሰው ነው፣ በአዊኛ ነው አፉን የፈታ። ያገባኝ ሰሞን ሁለት ሦስት ቃል ይዤ ገበያ ወጣሁና ገብስ የምትሸጥ አንዲት ሴት ፊት ተናገርኩ። ሴትዮዋ ሳቀች፣ አጠገቧ ያለችው ሳቀች፣ ከዚያ ረድፉ በሙሉ ሳቀ። በፍቅር ይሁን በንቀት እኔ ምን አውቄ! ከዚያ ወዲያ አፌን ለጎምኩ፣ ተውኩት። ሁሉም አማርኛ ያውቅ የለ፣ ምን ይጎድልብኛል አልኩ።

አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የዛሬ አራት ዓመት ለሕክምና መጥተው ሦስት ወር አብረውን ተቀምጠው ነበር። እሳቸው አማርኛ አይችሉም። እሱና እሳቸው ማታ ማታ እሳት ዳር ሆነው ያወሩ ነበር፤ ኧረ ምንይችል ያኔ ወሬኛ ነበር! እጁን እያወናጨፈ ያወራል፣ እሳቸው ጉልበቱን እየመቱ ይስቃሉ፣ እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ወጥ አማስላለሁ። አንድ ማታ ስሜን ጠሩና ሳቁ። እንቁ ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። በማግስቱ፣ «በቤቴ ውስጥ የሚገባኝ ቋንቋ ይነገር፤ እኔ የዚህ ቤት ሠራተኛ አይደለሁም» አልኩት። አጠፋሁ? ማንኛዋም ሴት በገዛ ቤቷ ብትለው የሚያስነውር ነው? እሱም እሺ አለ። ከዚያ ወዲያ ከእናቱ ጋር ውጭ፣ አጥሩ ሥር ቆመው ነበር የሚያወሩት። እሳቸውም ብዙ አልቆዩ፣ አገሬ ይሻለኛል ብለው ሄዱ፣ በዓመቱ አረፉ። ምንይችል ግን አማርኛውንም አብሮ ተወው። እራት ይቅረብ፣ ሳሙና አልቋል፣ ነገ መብራት የለም፤ በቃ ይኸው ነው የኔ ድርሻ።

እንግዲህ ከአምስት ወር በፊት ሽቱ እናቷን ይዛ ገባች። ሽቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራ፤ ሃያ አራት ቢሆናት ነው፤ ጥርሷ የተደረደረ፣ ባል የላትም። ውኃ ቧንቧው ጋ ምንይችልን ስታገኘው በአዊኛ ሰላም ትለዋለች፣ እሱም ይመልሳል፣ አንድ ሁለት ተብሎ የሚያልቅ ሰላምታ አይደለም የነሱ ሰላምታ። ጀሪካኗን ተሸክሞ በሯ ድረስ ሲያደርስላት በመስኮት አይቻለሁ። የኔን ጀሪካን መቼ ተሸክሞ ያውቃል አልልም፤ ይሸከማል። ግን የኔን ሲሸከም አይስቅም። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር ይላል ያገሬ ሰው። በሁለተኛው ወር ላይ፣ «ያንን ክፍት በቺፑድ ዝጋልኝ፤ አንተ አናጢ ነህ፣ አራት ቁራጭ ሰሌዳ ነው» አልኩት። እሺ አለ። ሳምንት ሄደ፣ ወር ሄደ። ለሰው ቁም ሣጥን በሦስት ቀን የሚያደርስ ሰው ለገዛ ቤቱ አራት ሰሌዳ አቃተው። ለምን? መስማቱ እንዲቀርበት አልፈለገማ! ሌላ ምን ይሆናል?

ይህን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ አምስት ኪሎ ድንች ልጬ ጨረስኩ። ዘይቱን ጣድኩ፣ ጠበስኩ፣ በትናንሽ ፌስታል አሰርኩ። አንዷ በአሥር ብር ነው የምትሸጥ፤ በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ላሉ ሱቆች አከፋፍላለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ሽቱ ሥራ ሄዳለች፣ አሮጊቷ ብቻዋን ናት። ብቻዋንም ሆና ታጉረመርማለች። ምን እንደምትል እግዜር ይወቀው። አንድ ጊዜ ዘይቱ ፈንጥቆ እጄን ሲያቃጥለኝ «እህህ!» ብዬ ጮህኩ፤ ወዲያው ከማዶ ፈጠን ያለ ድምፅ መጣ። እንደ ጥያቄ። አልመለስኩላትም። ምን ብዬ ልመልስ? እጄን ውኃ ውስጥ እንዳስገባሁ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዛሬ እትዬ ውቢት ቤቱን ያስለቅቋቸዋል አልኩ። ዛሬውኑ።

እትዬ ውቢት ከፊት ለፊት ባለው ቤት በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ስልካቸውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ይዘዋል።

«እንደምን አደሩ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው እንቁዬ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም?»

«እንቅልፍ ካየሁ ሳምንቴ ነው። እነ ሽቱ በጠዋትም በማታም ጩኸት ነው። እኔስ እችለዋለሁ፤ ምንይችል ነው የተማረረ። እንዲህ ከሆነማ ቤት ልፈልግ ብሏል።»

በባሌ ስም የዋሸሁት ሳላስበው ነው፤ ሳስበው ግን ጥሩ ሆኖ አገኘሁት። እሱ በወሬ የማይታወቅ፣ ሰካራም ያልሆነ፣ ኪራዩን ወር ሳይገባ የሚከፍል ሰው ነው፤ የሱ ምሬት ይመዝናል። እትዬ ውቢት ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። እኔን ሳይሆን ያንን ክፍል ነበር የሚያዩ። ቤቱን አንድ መምህር በሦስት ሺህ አምስት መቶ ጠይቋቸው እንደነበረ፣ በዓይነ ስውር ላይ እንዴት ኪራይ ልጨምር ብለው አፍረው እንደተዉት ቀስ ብለው ነገሩኝ። «እናንተ ከተማረራችሁ ግን ሌላ ነገር ነው» አሉ። «ሰላም ላጣ ተከራይ ሲባል እግዜርም አይቆጣኝ። በይ እንግዲህ፣ እስከ ቅዳሜ ልቀቁ እላታለሁ።» ይህን ያህል ይቀላል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ቅናት እንዲህ ነው፣ ቢያጎርሱትም አይጠግብ።

ድንቼን አድርሼ ስመለስ ምንይችል በሚሠራበት እንጨት ቤት በኩል መጣሁ፤ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ወደ ዳንግላ መውጫው ላይ ነው። ሚኒባሶቹ «ዳንግላ! ዳንግላ አንድ ሰው!» ይላሉ፣ ፈረስ የሚጎትቱ ሰዎች በመሀላቸው ያልፋሉ፣ መጋዙ ከውስጥ ያለቅሳል። ምንይችል አልነበረም። አለቃው ጋሽ ይሄነው፣ ለአንድ ሰው በር ሊገጥም ወጥቷል አሉኝ፣ ከጢማቸው ላይ ሰጋቱራ እያራገፉ።

«ጋሽ ይሄነው፣ ለቤቴ አራት ሰሌዳ ነበር የምፈልግ። በክፍያ ቢሠሩልኝ?»

«የትኛው ሰሌዳ? ያ የግድግዳው?» ብለው ሳቁ። «እሱማ ተቆርጦ ካለቀ ሁለት ወር አለፈው። ያውልሽ ጥግ ላይ፤ ስምሽን ሁሉ ጽፎበታል። ውሰድ ስለው ነገ፣ ውሰድ ስለው ነገ። አቧራ ጠጣ እኮ።»

ሄጄ አየሁት። አራት ቺፑድ፣ ልኩ ልክ፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት የተላገ፣ በእርሳስ «የእንቁ» የሚል ያለበት። ሁለት ወር! ቆርጦ፣ ልጎ፣ ስሜን ጽፎ፣ አቧራ አልብሶ አስቀመጠው። ካልቆረጠው ስንፍና ነው እል ነበር። ቆርጦ ማስቀመጡ ግን ምን ይባላል? ጋሽ ይሄነው ፊት ላለማልቀስ ምስማር ስጡኝ አልኳቸው፤ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ባጃጅ ጠራሁ። ልጁ ለዕቃ ነው ብሎ መቶ ሃምሳ ብር አለኝ፤ ሌላ ቀን ቢሆን እስከ ማታ እከራከረው ነበር፣ ያን ቀን ግን ጫን አልኩት። ሰሌዳዎቹን ጉልበቴ ላይ አቅፌ ኮረኮንቹን ስንቀጠቀጥ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ በርጩማውን አልጋው ላይ አቆምኩ፣ የምንይችልን አሮጌ መዶሻ አነሳሁ። መጀመሪያው ሰሌዳ ላይ ሦስት ምስማር ጎበጠብኝ። ሁለተኛው ላይ አውራ ጣቴን መታሁ። ከማዶ አሮጊቷ አንድ ነገር ጠየቀች። ስመታ ጭቃው ይራገፋል፤ በሷም በኩል እንደሚራገፍ አውቃለሁ። ሦስተኛውን ጠማማ እንደሆነ ገጠምኩት። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። አራተኛውን ሳነሳ በሬ ተንኳኳ።

ሽቱ ናት። ከሥራ ሮጣ መጥታ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ዓይኗ መጀመሪያ እኔ ላይ፣ ቀጥሎ መዶሻው ላይ፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ አረፈ።

«እትዬ እንቁ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ» አለች። «እትዬ ውቢት ደውለው ነገሩኝ። አንቺ ብትቀየሚ አይፈረድብሽም። አዊኛው ገብቶሽ እንደኖረ አላወቅንም። እናቴማ፣ ‹ዘጠኝ ዓመት እዚህ ኖራ እንዴት አይገባትም› ስትለኝ ነበር፤ እኔ ነኝ፣ ‹ኧረ አትሰማም› እያልኩ ያዘናጋኋት።»

ምኑ ነው የገባኝ? አልገባኝም እንዳልል ደግሞ ሞት ነው። «እና?» አልኳት፣ ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው ቅንድቤን ሰቅዬ።

«እናቴ ዓይኗ አያይም፣ ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ እናንተ ቤት ነው። ስትናገሪ ትሰማሻለች፣ አማርኛ ግን አይገባትም። ‹ይቺ ሴት ለባሏ ምን እያለችው ነው? እሱ ለምንድን ነው የማይመልስላት?› ብላ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። ከዚያ በሱ ፈንታ መመለስ ጀመረች። በቃ ይኸው ነው ጨዋታችን። አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሷ እሱን ሆና ትመልስልሻለች። ዛሬ ጠዋት ስለ በሩ ተናገርሽ አይደል? ‹ለበሩስ ቁልፍ አላጣም፤ ለአፏ የሚሆን ግን እንጅባራም ዳንግላም የለም› አለች። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። አፈር ልብላልሽ።»

መዶሻውን አልጋው ላይ ወረወርኩት። እሷ ቁጣ መሰላትና ቶሎ ቶሎ ቀጠለች። «ሁልጊዜ ግን ስድብ አይደለም፣ ሰምተሻል መቼም። ስታስነጥሺ እሱ ዝም ሲል፣ እሷ ‹ይማርሽ› ትላለች በሱ ፈንታ። በቀደም ታመሽ ስትቃትቺ ደግሞ ‹አይዞሽ እንቁ፣ እኔ አለሁ› ስትል አመሸች። በዚያን ጊዜ እሱ አይስቅም፤ ጸጥ ነው የሚል። ዛሬ እትዬ ውቢት ‹ምንይችል ነው የተማረረ› ሲሉ ግን አለቀሰች። ‹እኔ አፍ የሆንኩለት መስሎኝ› አለች። ለዓይኗ የቀጠሯት ለሚመጣው ረቡዕ ነው እትዬ። በዚህ ሁኔታ የት እወስዳታለሁ? እስከዚያ ብቻ ታገሱን፤ አንድ ቃል አታሰማም።»

«እኔ እትዬ ውቢትን አናግራለሁ» አልኳት። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትይዝ ስትል ከለከልኳት። ዋሽቻለሁ፣ ምንይችል ምንም አላለም የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አልወጣም። ሄደች፤ እኔ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፤ ሌላ ሴት ብትሆን በዚህ ሰዓት እፎይ ትል ነበር። ባሌ ከልጅቱ ጋር የለበትም፣ ይኸው ተጣራ። እኔን ግን ከጠዋቱ ይልቅ አሁን በላኝ። ይቺ አሮጊት በአምስት ወር፣ በጆሮዋ ብቻ፣ ባሌ ምን ሊል እንደሚፈልግ አወቀች። ስድቡንም አወቀች፣ አይዞሽንም አወቀች። ልክ ባይሆንማ እሱ ይስቅ ነበር? ጸጥስ ይል ነበር? እኔ አጠገቡ እየተኛሁ አንዱን አላውቅም። አይዞሽ እንቁ ተብዬ አምሽቼ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የባሌን ዝምታ ስረግም ነበር።

እትዬ ውቢት ጋ ሄድኩ፤ ይተዉት፣ ረገብ ብሎልናል፣ አሮጊቷ ሕመምተኛ ናት አልኳቸው። እትዬ ውቢት በሐዘኔታ አዩኝ። መምህሩ ከሰዓት መጥቶ ቤቱን ከውጭ አይቶ ቀብድ ሰጥቷቸዋል፤ ዕቃውንም ከጫግኒ የሚያመጣበት መኪና ይዟል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ» አሉ። «ደሞስ ባልሽ ተማረረ ብለሽኝ ማታውን ታረቀ ልትይኝ ነው? በሰው ቤት አትቀልጂ እንጂ።» ሦስት ጊዜ ለመንኳቸው። ሦስተኛው ላይ ስልካቸውን አንስተው ዓይናቸው ሥር አስጠጉ፤ በቃ ሂጂ ማለታቸው ነው።

ምንይችል ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ግቢው በር ሲደርስ የሱን ሳይሆን የእትዬ ውቢትን ድምፅ ነው የሰማሁ። «እንዳልከው ነግሬያቸዋለሁ፣ እስከ ቅዳሜ ይለቃሉ። በሰላም ተኛ እንግዲህ» አሉት። መቼ አልኩ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ምንም አላለም። እርምጃው በግቢው ጠጠር ላይ ቀስ ብሎ መጣ፣ በሩ አቃሰተ፣ ገባ። ሰሌዳዎቹን አየ። የራሱን እጅ ሥራ፣ በኔ እጅ ተጣምሞ፣ ምስማሩ እንደ ትል ተጠቅልሎ። እኔ እራቱን አቅርቤ ቆሜያለሁ። ጃኬቱን አላወለቀም። ትልቁን መዶሻና ጉጠቱን ከሣጥኑ አወጣ፣ በርጩማው ላይ ወጣ፣ የጎበጡትን ምስማሮች አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። እሰይ፣ ሊያወርደው ነው አልኩ በሆዴ። ቢያወርደው ይሻለኝ ነበር። ግን አላወረደውም። ሰሌዳውን አቃና፣ በመዳፉ ለካ፣ በሁለት አጭር ምት አዲስ ምስማር አስገባ። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሦስተኛውን። አራተኛውን በአንድ እጁ አነሳና ከመግጠሙ በፊት ቆመ።

አፉን ወደ ክፍቱ አስጠግቶ ተናገረ። በአዊኛ። አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ያልተሰማ ድምፅ ነው የወጣው፤ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ የማይቸኩል። ተናገረ፣ ተናገረ፤ ነፃ እጁ በአየር ላይ ይወጣል ይወርዳል፣ ልክ ያኔ እሳት ዳር እንደማውቀው። አንድም ቃል አልገባኝም። ስሜን ግን ሰማሁ። እንቁ አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ እንቁ አለ። ዋሸችባችሁ ነው የሚላት? ማሩልኝ ነው የሚላት? በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለኔ ይህን ያህል የተናገረው ለዚያች ሴት ነው፣ እኔ እግሩ ሥር ቆሜ። የበርጩማውን እግር እንደያዝኩ ቀረሁ። አሮጊቷ በመጨረሻ ሁለት ቃል መለሰችለት፤ እንደ ምርቃት ዓይነት ነው፣ ድምፁ እንዲያ ነበር። እሱ ራሱን ነቀነቀ። ሰሌዳውን ገጠመ፣ አራት ጥግ ላይ መታው። የነሱ ብርሃን ከኮርኒሳችን ላይ ጠፋ።

ወርዶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። እውነትም ጥሩ አናጢ ነው፣ ከማዶ የሚሰማ ነገር የለም፤ ሳልም፣ ስኒም፣ ሳቅም። ያ ሦስት ወር የለመንኩት ጸጥታ መጣልኝ። እራቱ ቀዘቀዘ። እንደምንም አፌን ከፈትኩ።

«ምንይችል፣ ዋሽቻለሁ። በስምህ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «ምን አልካት ስለኔ? እባክህ ንገረኝ። ብትሰድበኝም ስደበኝ፣ ብቻ ንገረኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ፤ ድካም ነበር፣ ሌላም ነገር ነበር፣ ስሙን የማላውቀው። እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረና ይናገረኝ ጀመር። ለኔ፣ ፊት ለፊት፣ ዓይኔን እያየ። በአዊኛ። ላቋርጠው አልደፈርኩም፤ ካቋረጥኩት ዳግመኛ እንደማይጀምር ገብቶኛል። ረጅም ነበር። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተሰበረ፣ አንድ ቦታ ላይ ፈገግ እንደማለት አለ፣ አንድ ቦታ ላይ በጣቱ ደረቱን ነካ። ሲጨርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አቆመው፤ ጥያቄ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ምን ብሎ እንደጠየቀኝ አላውቅም። መልሴን ይጠብቃል። የምትተረጉምልኝ ልጅ ደግሞ ከሰሌዳው ወዲያ ሆና ዕቃ እያሰረች ነው።